ያገለገለ ቲን ክላይንትን ለቤት ፋየርዎልና ሰርቨር ማዋል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቲን ክላይንት ምንድን ነው? ከተራ ኮምፒውተርስ በምን ይለያል?

ቲን ክላይንት በባንኮች፣ በሆስፒታሎች፣ በትምህርት ቤቶችና በትልልቅ ቢሮዎች ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ መጠኑ ከአንድ ወፍራም መጽሐፍ ብዙም የማይበልጥ ኮምፒውተር ነው። ሠራተኛው የሚጠቀምባቸው ፕሮግራሞችና ፋይሎች በማዕከላዊ ሰርቨር ላይ ስለሚገኙ የዚህ ማሽን ድርሻ የሰርቨሩን ስክሪን አምጥቶ ማሳየትና በኪቦርድና በማውስ የተሰጠውን ትእዛዝ መልሶ ማድረስ ብቻ ነው። ለዚህ ሥራ ብርቱ ፕሮሰሰርም ሰፊ ማከማቻም አያስፈልግም። የሚፈለገው ሳይጮህ፣ ከመጠን በላይ ሳይግልና ሳይበላሽ ለዓመታት በርቶ መቆየቱ ነው፤ አምራቾቹም የደከሙት ለዚሁ ነው። ድርጅቶች በየጥቂት ዓመቱ ማሽኖቻቸውን በሙሉ ስለሚቀይሩ ገና ብዙ ዕድሜ የቀረው ቲን ክላይንት በብዛት ወደ ያገለገሉ ዕቃዎች ገበያ ይወጣል።

ክዳኑ ሲከፈት የሚታየው ነገር ብዙ ሰዎችን ያስገርማል። ከአንዳንድ ዓይነቶች በቀር ውስጡ ያለው እንደ ማንኛውም ላፕቶፕ የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ፕሮሰሰር፣ የላፕቶፕ ራም ማስገቢያ፣ አነስተኛ ኤስኤስዲ እና የጊጋቢት ኔትወርክ ሶኬት ነው። ስለዚህ የፋብሪካውን ሶፍትዌር አጥፍቶ ሊኑክስ ወይም ፍሪቢኤስዲ የተባለውን ነፃ ሥርዓተ ክወና መጫን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከመጫን እምብዛም አይለይም።

የቆየ ዴስክቶፕ ቤቴ ውስጥ ተቀምጦ እያለ ለምን ሌላ ማሽን እፈልጋለሁ?

ፋየርዎል (በኢንተርኔትና በቤት ኔትወርክ መካከል ቆሞ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚቆጣጠር ማሽን) እና ሰርቨር ከሌሎች ኮምፒውተሮች የሚለያቸው ቀንም ሌሊትም የማይጠፉ መሆናቸው ነው። በዓመት ውስጥ 8760 ሰዓት አለ። አንድ ማሽን ሥራ ፈትቶ በተቀመጠበት ጊዜ የሚበላው እያንዳንዱ ዋት በዓመት 8.76 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ሥራ ሲፈታ 60 ዋት የሚወስድ የቆየ ዴስክቶፕ በዚህ ስሌት በዓመት ወደ 526 ኪሎ ዋት ሰዓት ሲፈጅ፣ 10 ዋት የሚወስድ ቲን ክላይንት ግን ወደ 88 ገደማ ብቻ ይፈጃል። ዴስክቶፑ በነፃ የተገኘ ቢሆን እንኳ ልዩነቱ በየወሩ የመብራት ሒሳብ ላይ መምጣቱ አይቀርም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት መጥቀስ ተገቢ ይመስለኛል። ብዙ ሰው የፕሮሰሰሩን የሙቀት መጠን ቁጥር፣ ለምሳሌ 25 ዋት ወይም 35 ዋት የሚለውን፣ የማሽኑ ፍጆታ አድርጎ ይወስደዋል። ያ ቁጥር ማቀዝቀዣው እንዲሸከም የታሰበውን ሙቀት እንጂ ማሽኑ ቀኑን ሙሉ የሚወስደውን ኃይል አይናገርም። የቤት ፋየርዎል አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው ሥራ ፈትቶ ስለሆነ ሊታይ የሚገባው የሥራ ፈት ፍጆታው ነው፤ እርሱም በትክክል የሚታወቀው በግድግዳው ሶኬትና በአዳፕተሩ መካከል በሚሰካ የዋት መለኪያ ነው።

ራስፕቤሪ ፓይስ?

ለዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስሞችን ወደ ቁጥር አድራሻ ለሚቀይረው አገልግሎት) ወይም ለትንንሽ የሰርቨር ሥራዎች ራስፕቤሪ ፓይ የተባለው ባለ አንድ ሰሌዳ ትንሽ ኮምፒውተር በቂ ነው። ነገር ግን ሳጥኑ፣ አዳፕተሩና ማከማቻው ለየብቻ ይገዛሉ፤ በሜሞሪ ካርድ ላይ ያለማቋረጥ መጻፍም ካርዱን ያደክመዋል። ከዚህም በላይ ፒኤፍሴንስን የመሳሰሉ የታወቁ የፋየርዎል ሥርዓቶች የሚዘጋጁት በዋናነት ለኢንቴልና ለኤኤምዲ ዓይነት ፕሮሰሰሮች ስለሆነ ፋየርዎል ለሚፈልግ ሰው ቲን ክላይንት ሰፊ ምርጫ ይሰጠዋል።

የትኞቹ ሞዴሎች ለፋየርዎል ይመቻሉ?

ፋየርዎል ቢያንስ ሁለት የኔትወርክ መስመር ይፈልጋል፤ አንዱ ወደ ኢንተርኔት፣ ሌላው ወደ ቤት ውስጥ። አብዛኞቹ ቲን ክላይንቶች ግን የተሠሩት በአንድ ሶኬት ብቻ ነው። ስለዚህ ሞዴል ሲመረጥ ከፕሮሰሰሩም ከራሙም በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ ተጨማሪ የኔትወርክ ካርድ የሚሰካበት የፒሲአይ ኤክስፕረስ ማስገቢያ አለው ወይ የሚለው ነው። በዚህ መስፈርት ለረጅም ጊዜ ሲወደዱ የኖሩት ኤችፒ ቲ620 ፕላስ፣ ኤችፒ ቲ730፣ ፉጂትሱ ፉትሮ ኤስ920 እና የዴል ዋይዝ 5070 ሰፊው ዓይነት ናቸው።

ስሞቹን በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። ቲ620 እና ቲ620 ፕላስ በስም አንድ ቃል ብቻ ቢለያዩም ማስገቢያው ያለው በወፍራሙ፣ ማለትም በፕላሱ ላይ ብቻ ነው። ዋይዝ 5070ም እንዲሁ ቀጭንና ሰፊ ተብሎ በሁለት ይወጣል፤ ማስገቢያው ያለው በሰፊው ላይ ነው። ሻጮች ብዙ ጊዜ ይህን ልዩነት ስለማይጽፉ ከስሙ ይልቅ የማሽኑን ጀርባ የሚያሳይ ፎቶ መጠየቅ ይሻላል። በጀርባው በኩል በቆርቆሮ የተሸፈነ ጠባብ የካርድ ቀዳዳ ከታየ የፈለጉትን አግኝተዋል።

ከአራቱ መካከል ቲ620 ፕላስ ባለ አራት ኮር የኤኤምዲ ጂኤክስ-420ሲኤ ፕሮሰሰር አለው፤ ለተራ የቤት መስመር ይበቃል። ቲ730 ከእርሱ በጣም ይፈጥናል፣ ነገር ግን ማራገቢያ ስላለው ሙሉ በሙሉ ጸጥተኛ አይደለም፣ ኃይልም ይጨምራል። ፉትሮ ኤስ920 ማራገቢያ የለውም፤ ሆኖም ባለ ሁለት ኮርም ባለ አራት ኮርም ሆኖ ስለሚገኝ የትኛው እንደሆነ ማረጋገጥ፣ የካርድ መያዣ መሸጋገሪያው አብሮ መኖሩንም መጠየቅ ያሻል። ዋይዝ 5070 በኢንቴል ሴለሮን ጄ4105 ወይም በፔንቲየም ሲልቨር ጄ5005 የሚሠራ ሲሆን ከአራቱ አዲሱ እርሱ ነው። ሥራ ሲፈታ የሚወስደው ኃይል አነስተኛ ስለሆነ፣ ሁለቱንም ዓይነት ሥራ ሊሠራ የሚችል አንድ ማሽን ምረጥ ብባል እርሱን እመርጣለሁ።

የትኛውን የኔትወርክ ካርድ ልግዛ?

ከሰርቨሮች የወጡ የኢንቴል ባለ ሁለት ወይም ባለ አራት ሶኬት ካርዶች፣ በተለይም አይ350 የተባለው ቺፕ ያላቸው፣ በፍሪቢኤስዲም በሊኑክስም ያለ ችግር ይሠራሉ። በቲን ክላይንት ማዘርቦርድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው የሪልቴክ ቺፕ በሊኑክስ ላይ በጥሩ ሁኔታ ቢሠራም በፍሪቢኤስዲ ላይ ጫና ሲበዛ መስመሩን የመጣል ታሪክ አለው። ስለዚህ በማሽኑ ላይ ካርድ ከተሰካ ሁለቱንም መስመሮች በኢንቴሉ ካርድ ላይ ማድረግና የማዘርቦርዱን ሶኬት ለመጠባበቂያ መተው ብልህነት ነው።

ካርዱ ሲገዛ ሁለት ነገሮች ይረሳሉ። የመጀመሪያው ቁመቱ ነው። ካርዱ ራሱ አጭር ሆኖ በላዩ ላይ የታሰረው የብረት ቅንፍ ግን ለትልቅ ሰርቨር የተሠራ ረጅም ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ክዳኑ አይገጥምም። ቅንፉን በሁለት ብሎን ፈትቶ ማውጣት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ያለ ቅንፍ የተሰካ ካርድ ኬብሉ በተነካ ቁጥር ከማስገቢያው ይነቃነቃል። ስለዚህ አጭሩ ቅንፍ አብሮ እንዲመጣ አስቀድመው ይጠይቁ። ሁለተኛው ደግሞ በገበያው ውስጥ የኢንቴል ስም የተለጠፈባቸው አስመስለው የተሠሩ ካርዶች በብዛት መኖራቸው ነው። አዲስ ነው ተብሎ ከሚሸጥ እጅግ ርካሽ ካርድ ይልቅ ከሰርቨር መነቀሉ የሚታይ፣ የታወቀ የሰርቨር አምራች መለያ የተለጠፈበት ያገለገለ ካርድ የበለጠ ይታመናል።

ማሽኔ አንድ ሶኬት ብቻ አለው፤ ማስገቢያም የለውም። ፋየርዎል መሆን አይችልም ማለት ነው?

ይችላል፤ በእኔ እምነትም ይህ ዘዴ ሊፈራ የማይገባው ነው። ቪላን (አንዱን ኔትወርክ በመለያ ቁጥር ወደ ብዙ የሚከፍል ዘዴ) የሚያውቅ ስዊች፣ ማለትም የኔትወርክ ኬብሎችን የሚያገናኝ ሣጥን፣ ካለ አንዱን ኬብል ሁለት መስመር አስመስሎ መጠቀም ይቻላል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከኢንተርኔት አቅራቢው ሞደም የሚመጣው ኬብል በስዊቹ ቁጥር 1 ሶኬት ላይ ይሰካል፤ ይህ ሶኬት ለቪላን 10 ብቻ ይመደባል። የቤቱ ኮምፒውተሮችና የዋይፋይ ማሰራጫው የሚሰኩባቸው ሶኬቶች ለቪላን 20 ይመደባሉ። ቲን ክላይንቱ በሚሰካበት ሶኬት ላይ ግን ሁለቱም ቪላኖች መለያ ቁጥራቸውን እንደያዙ እንዲያልፉ ይፈቀዳል። ፋየርዎሉ የሚመጣውን እያንዳንዱን ፓኬት መለያ አይቶ 10 ከሆነ ከውጭ፣ 20 ከሆነ ከቤት የመጣ መሆኑን ያውቃል። ይህ 802.1ኪው በሚባለው ደረጃ የሚሠራ የተለመደ ዘዴ ነው፤ ርካሽ የሚባሉ ባለ አምስትና ባለ ስምንት ሶኬት ስዊቾችም ይችሉታል።

የፍጥነት ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። የጊጋቢት ኬብል በሁለቱም አቅጣጫ በአንድ ጊዜ አንድ አንድ ጊጋቢት ይሸከማል። ከኢንተርኔት የሚወርድ ፋይል በኬብሉ አንድ ጊዜ ወደ ፋየርዎሉ ይገባል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ወደ ቤት ይወጣል፤ መግባቱና መውጣቱ የተለያየ አቅጣጫ ስለሆነ አይጋፉም። መጋፋት የሚጀምሩት ማውረድና መላክ በአንድ ጊዜ ሲካሄዱና ድምራቸው ወደ አንድ ጊጋቢት ሲጠጋ ነው። መስመርዎ በሰከንድ ከ400 ወይም ከ500 ሜጋቢት የማይበልጥ ከሆነ ልዩነቱን ፈጽሞ አያዩትም።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በስዊቹ ላይ ነው። የማንኛውም ሶኬት ምደባ ከተሳሳተ የውጩ መስመር ፋየርዎሉን ሳያልፍ በቀጥታ ከቤት ኔትወርክ ጋር ይገናኛል። በፋብሪካ ሁሉም ሶኬቶች የቪላን 1 አባል ስለሆኑ ሞደሙ የተሰካበትን ሶኬት ከቪላን 1 ማስወጣት መረሳት የለበትም። የስዊቹ መቆጣጠሪያ ገጽም ከውጩ ቪላን እንዳይከፈት ይደረግ።

በዩኤስቢ የሚሰካ የኔትወርክ አዳፕተርስ?

በሊኑክስ ላይ፣ ለምሳሌ በኦፕን ዳብልዩአርቲ፣ የዩኤስቢ 3.0 አዳፕተር ለወራት ሳይቋረጥ ሊሠራ ይችላል። በፍሪቢኤስዲ ላይ ለተመሠረቱ ሥርዓቶች ግን አልመክርም።

የትኛውን የፋየርዎል ሶፍትዌር ልጫን?

ፒኤፍሴንስ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ፣ በፍሪቢኤስዲ ላይ የተመሠረተ ፋየርዎል ነው። ኦፒኤንሴንስ ከእርሱ ተገንጥሎ የመጀመሪያ እትሙን እ.ኤ.አ. በ2015 አወጣ። ሁለቱም በድረ ገጽ የሚታዘዙ፣ ሁሉን ያቀፉ ሥርዓቶች ናቸው። ለአዲስ ተጠቃሚ ኦፒኤንሴንስን አስቀድማለሁ፤ ምክንያቴም ማሻሻያዎቹ ቶሎ ቶሎ መምጣታቸውና ገጹ በቀላሉ የሚለመድ መሆኑ ነው። ሁለቱም 4 ጊጋባይት ራም ካገኙ ተራውን ሥራ ያለ ችግር ይሠራሉ፤ እንደ ሱሪካታ ያለ የጥቃት መከታተያ መጨመር ከታሰበ ግን 8 ጊጋባይት ይዘጋጅ።

ኦፕን ዳብልዩአርቲ ደግሞ ለትንንሽ ራውተሮች የተሠራ የሊኑክስ ሥርዓት ስለሆነ በቲን ክላይንት ላይ ሲጫን በጣም ቀላል ነው። ማከማቻው ጥቂት መቶ ሜጋባይት ቢሆን፣ ራሙም ከ1 ጊጋባይት ባይበልጥ ይበቃዋል። አንድ ሶኬት ላለው፣ የሪልቴክ ቺፕ ላለው ወይም ለደከመ ማሽን ከሁሉ የሚሻለው እርሱ ነው። ኬክ የተባለው የመስመር ማመጣጠኛም አብሮት ይሠራል፤ አንዱ ትልቅ ፋይል ሲያወርድ የሌላው የቪዲዮ ስብሰባ የሚቆራረጥበት ቤት በዚህ ብቻ ትልቅ እፎይታ ያገኛል።

የማሽኑ ፕሮሰሰር ባለ 64 ቢት መሆኑን ያረጋግጡ። ፒኤፍሴንስ እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው 2.4 እትም ጀምሮ ባለ 32 ቢት ማሽኖችን ትቷል፤ ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ሥርዓትም እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው 13ኛ እትሙ ለእነዚህ ማሽኖች መጫኛ ማዘጋጀት አቁሟል።

ኤኢኤስ-ኤንአይ የሌለው ፕሮሰሰር አይሠራም ይባላል፤ እውነት ነው?

ይህ ወሬ የመጣው ከፒኤፍሴንስ ነው። አዘጋጆቹ እ.ኤ.አ. በ2017 መጪው 2.5 እትም ይህን የምስጠራ ማፍጠኛ በግድ እንደሚጠይቅ አስታውቀው ነበር፤ በኋላ ግን ውሳኔያቸውን አንሥተዋል። ስለዚህ ዛሬ የሌለው ማሽንም ይሠራል። ጥቅሙ የሚታየው በኤኢኤስ በሚመሰጥር ቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በተመሰጠረ መስመር የሚያገናኝ ዘዴ)፣ ለምሳሌ በኦፕንቪፒኤንና በአይፒሴክ ላይ ነው። ዋየርጋርድ የተባለው ሌላ ቪፒኤን የሚጠቀመው ቻቻ20 የተባለውን ሌላ ምስጠራ ስለሆነ ኤኢኤስ-ኤንአይ ቢኖርም ባይኖርም ለእርሱ ለውጥ አያመጣም። እንደ ኤችፒ ቲ610 ያሉ የቀደመ ትውልድ የኤኤምዲ ማሽኖች ይህ ማፍጠኛ የላቸውም፤ ቲ620 እና ከዚያ በኋላ የመጡት አላቸው።

የመስመሬ ፍጥነት አንድ ጊጋቢት ነው፤ ይችለዋል?

መልሱ በፋየርዎሉ ላይ በሚጫነው ሥራ ይወሰናል። ከቤት ወደ ውጭ አድራሻ መቀየርና ሕጎችን መፈተሽ ብቻ ከሆነ አራት ኮር ያላቸው ከላይ የተጠቀሱት ማሽኖች ወደ ጊጋቢት ይጠጋሉ። የጥቃት መከታተያ፣ የመስመር ማመጣጠኛ ወይም ቪፒኤን ሲጨመር ግን ፍጥነቱ ይወርዳል። የኢንተርኔት አቅራቢው የስምና የይለፍ ቃል መግቢያ ያለው ፒፒፒኦኢ የሚጠቀም ከሆነ ሌላ ነገር ይመጣል። በፍሪቢኤስዲ ላይ እንዲህ ያለው ትራፊክ ብዙ ጊዜ በኮሮች መካከል በደንብ ስለማይከፋፈል አንዱ ኮር ሲጨናነቅ ሌሎቹ ሥራ ፈትተው ይቀመጣሉ። ለእንዲህ ዓይነቱ ፈጣን መስመር የኮሮቹ ብዛት ሳይሆን የአንዱ ኮር ፍጥነት ይታያል፤ ወይም በሊኑክስ ላይ የተመሠረተ ሥርዓት ይመረጣል።

ከመግዛቴ በፊት ምን ልመርምር?

በቅድሚያ አዳፕተሩን። አብዛኞቹ የሚሠሩት በ19 ወይም በ19.5 ቮልት ነው፤ የዴልና የኤችፒ አዳፕተሮች መሰኪያቸው መሃል ላይ ባለች ቀጭን ፒን ራሳቸውን ለማሽኑ ያስተዋውቃሉ፤ ማሽኑ አዳፕተሩን ካላወቀው ማስጠንቀቂያ ሊያወጣ ወይም ፍጥነቱን ሊቀንስ ይችላል። ትንሹ ዴል ዋይዝ 3040 ደግሞ በ5 ቮልት የሚሠራም በ12 ቮልት የሚሠራም ስላለው በማሽኑ ሆድ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ሳያነቡ ምንም ነገር መሰካት የለብዎትም። አዳፕተር የሌለው ማሽን ርካሽ መስሎ ቢታይም ትክክለኛውን አዳፕተር ለብቻ መግዛት ትርፉን ይበላዋል።

ቀጥሎ የባዮስ፣ ማለትም ማሽኑን የሚያስነሣው መሠረታዊ ሶፍትዌር፣ የይለፍ ቃል ነው። ከድርጅት የወጣ ማሽን ተቆልፎ ሊሆን ስለሚችል ሻጩ መክፈቱን ያረጋግጥልዎ። በዋይዝ ማሽኖች ላይ የፋብሪካው የይለፍ ቃል «ፋየርፖርት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ የመጀመሪያው ፊደል ብቻ ትልቅ ሆኖ ይጻፋል። ድርጅቱ ካልቀየረው ይሠራል። ራሙ በማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ መሆን አለመሆኑም ይታይ፤ ዋይዝ 3040 ለምሳሌ ከ2 ጊጋባይት በላይ ሊጨመርለት አይችልም።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፦ የሰዓቱ ባትሪ። አንድ ጊዜ ለቤቴ ያዘጋጀሁት ፋየርዎል ለሳምንታት በጥሩ ሁኔታ ከሠራ በኋላ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኢንተርኔቱ አብሮ አልተመለሰም። ኬብሉ ደኅና ነው፤ ሞደሙ ደኅና ነው፤ በቁጥር አድራሻ ስሞክር መልስ ይመጣል፤ በስም ስሞክር ግን አንድም ገጽ አይከፈትም። ሌሊቱ ከተጋመሰ በኋላ የማሽኑን ቀን ብመለከት ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሷል። በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 ባትሪ ሞታ ነበር። የዲኤንኤስ ፊርማ አጣሪው የእያንዳንዱን ፊርማ ቀን ከማሽኑ ሰዓት ጋር ስለሚያስተያይ ፊርማዎቹን ሁሉ ገና ያልጸኑ አድርጎ ይጥላቸዋል። ሰዓቱ ደግሞ ራሱን የሚያስተካክለው ከሰዓት ሰርቨር ጠይቆ ነው፤ የሰዓት ሰርቨሩን ለማግኘት ዲኤንኤስ ያስፈልጋል፤ ዲኤንኤሱ ደግሞ ትክክለኛ ሰዓት ይፈልጋል። ከዚያ ወዲህ ወደ ቤቴ የሚገባ ያገለገለ ማሽን ሁሉ ክዳኑ በተከፈተበት በዚያው ሰዓት ባትሪው ይቀየራል፤ በሰዓት ሰርቨሮች ዝርዝር ውስጥም ቢያንስ አንዱን በቁጥር አድራሻው አስገባለሁ።

ፋየርዎሉንና ሰርቨሩን በአንድ ማሽን ላይ ማድረግ እችላለሁ?

በፕሮክስሞክስ ወይም በመሰል ሥርዓት ሁለቱን በምናባዊ ማሽኖች ለይቶ በአንድ ሳጥን ማኖር ይቻላል፤ በቂ ራም ያለው ዋይዝ 5070 ወይም ቲ730 ይችለዋል። እኔ ግን አጥብቄ የምመክረው መለየትን ነው። ሰርቨር የሚነካ፣ የሚሞከርበት፣ አዲስ ነገር የሚጫንበትና አልፎ አልፎ የሚበላሽ ማሽን ነው። ፋየርዎል ደግሞ ከተዘጋጀ በኋላ ከማሻሻያ በቀር የማይነካ መሆን አለበት። ሁለቱ በአንድ ሳጥን ሲኖሩ ሰርቨሩን ለመጠገን ማሽኑ በጠፋ ቁጥር የቤቱ ሰው ሁሉ ኢንተርኔት ያጣል፤ ጠጋኙም መፍትሔውን የሚፈልግበት ኢንተርኔት አብሮ ይጠፋበታል። በተጨማሪም ወደ ውጭ የተከፈተ አገልግሎት ከተሰበረ ሰብሮ የገባው ሰው ከፋየርዎሉ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ይሆናል። ያገለገሉ ቲን ክላይንቶች ትልቁ በረከት ሁለት ማሽን መግዛት የሚከብድ አለመሆኑ ነው፤ ሁለቱ ተደምረው እንኳ የሚበሉት ኃይል ከአንድ ዴስክቶፕ በእጅጉ ያነሰ ነው።

ለየትኞቹ የሰርቨር ሥራዎች ይበቃሉ?

ማስታወቂያ የሚያጣራ ዲኤንኤስ፣ እንደ ፓይ-ሆል ወይም አድጋርድ ሆም ያለ፣ በጣም ደካማ በሆነው ቲን ክላይንት ላይ እንኳ ይሠራል። ዋይዝ 3040 ሥራ ሲፈታ ጥቂት ዋት ብቻ ስለሚወስድ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ከእርሱ የሚሻል ማግኘት ይከብዳል። የቤት ዕቃዎችን የሚያስተባብረው ሆም አሲስታንት፣ የዋየርጋርድ መግቢያ፣ የይለፍ ቃል ማኅደርና የቤተሰብ ፎቶ ማስቀመጫ 8 ጊጋባይት ራም ባለው ዋይዝ 5070 ወይም ፉትሮ ኤስ740 ላይ አብረው ይኖራሉ። ሁለቱም ጄ4105 ሊኖራቸው ይችላል፤ ይህ ፕሮሰሰር የቪዲዮ መቀየሪያ በውስጡ ስላለው ጄሊፊን የተባለው የቪዲዮ ሰርቨር ቪዲዮ ሲለውጥ ሥራውን ለእርሱ ይሰጠዋል። ኢንቴል ለጄ4105 በይፋ የሚፈቅደው ራም 8 ጊጋባይት ቢሆንም ብዙ ሰዎች ከዚያ በላይ አስገብተው ያለ ችግር ይጠቀማሉ።

የማይሆነው የብዙ ዲስኮች ማከማቻ ነው። የዲስክ ማስገቢያ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው፤ ትልልቅ ዲስኮችን በዩኤስቢ አንጠልጥሎ ብቸኛውን የቤተሰብ ፎቶ በዚያ ላይ ማመን አደጋ አለው። ለሁለተኛ ቅጂ ግን ሊያገለግል ይችላል።

አብሮት የመጣው ማከማቻ ይበቃል?

ለፋየርዎል ብዙ ጊዜ ይበቃል። በማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ኢኤምኤምሲ የሚባል የማከማቻ ቺፕ ከሆነ ግን በላዩ ላይ የመጻፍ ዕድሜው የተወሰነ ስለሆነና ሲሞት ሊቀየር ስለማይችል መዝገቦች ወደ ራም እንዲጻፉ ማድረግ ያስፈልጋል። ኦፒኤንሴንስም ፒኤፍሴንስም ለዚህ የሚሆን ምርጫ በቅንብራቸው ውስጥ አላቸው። የሚቀየር ከሆነ ከመግዛት በፊት ዓይነቱን ይለዩ፤ ፉትሮ ኤስ920 የሚቀበለው ኤምሳታ ሲሆን ቲ620 ፕላስና ዋይዝ 5070 ኤምዶት2 ይቀበላሉ፤ እነርሱም የሳታውን ዓይነት እንጂ ኤንቪኤምኢውን አይደለም። ቅርጻቸው ስለሚመሳሰል እዚህ ላይ የሚሳሳት ሰው ብዙ ነው።

የቀድሞው ድርጅት መረጃ በውስጡ ይኖር ይሆን?

ሊኖር ይችላል። ሳያዩ ሙሉ በሙሉ ይደምስሱት፤ ባዮሱንም ከአምራቹ ገጽ ወደ መጨረሻው እትም ያሳድጉት።

ማራገቢያ ስለሌለው አይግልም?

ይሞቃል፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው በሳጥኑ በኩል ስለሆነ ሲነኩት መሞቁ የተለመደ ነው። በቁም እንዲቀመጥ የተሠራውን በቁሙ ያስቀምጡት፤ በሌላ ዕቃ ላይ አይደርቡት፤ በተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥም አይተዉት። ብዙ ዓመት ካገለገለ በፕሮሰሰሩና በብረቱ መካከል ያለው የሙቀት ቅባት ስለሚደርቅ አንድ ጊዜ ማደሱ ብዙ ዲግሪ ሊቀንስ ይችላል። ባለ አራት ሶኬት የኔትወርክ ካርድ ራሱ እንደሚግልም አይዘንጋ።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በራሱ ይነሣል?

በፋብሪካ ቅንብሩ ብዙ ጊዜ አይነሣም። ባዮስ ውስጥ ገብተው መብራት ሲመለስ ምን ይደረግ የሚለውን ምርጫ «ይብራ» ወደሚለው ይቀይሩት። አንዳንድ ማሽኖች ስክሪን ወይም ኪቦርድ ካልተሰካ በስሕተት መልእክት ላይ ይቆማሉ፤ ይህንንም ማስጠንቀቂያ በዚያው ያጥፉት። ከዚያም ሁሉንም ነቅለው፣ ኬብሉንና አዳፕተሩን ብቻ ሰክተው፣ መብራቱን ከግድግዳው ሦስት አራት ጊዜ እየነቀሉ ይፈትኑት። ይህን ፈተና ማሽኑ ከመደርደሪያው ጀርባ ከመግባቱ በፊት ማድረግ ይሻላል።

በመጀመሪያው ቀን ተከላ ላይ የት ይሳሳታል?

አብዛኛው ችግር የሚመጣው የውጩንና የውስጡን ሶኬት በማምታታት ነው። ሥርዓቱ ሶኬቶቹን በራሱ ስም ስለሚጠራቸው በጀርባው ላይ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። አንዱን ኬብል ብቻ ሰክተው በስክሪኑ ላይ የትኛው ስም «በርቷል» እንደሚል ይመልከቱ፤ ከዚያም በቴፕ ላይ ጽፈው በሶኬቱ አጠገብ ይለጥፉት።

ሁለተኛው የአድራሻ ግጭት ነው። ኦፒኤንሴንስም፣ ፒኤፍሴንስም፣ ኦፕን ዳብልዩአርቲም በቤቱ በኩል 192.168.1.1 የሚለውን አድራሻ ይይዛሉ፤ ብዙ የአቅራቢዎች ራውተሮችም ይህንኑ ይጠቀማሉ። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ምንም ነገር አይሠራም፤ ስለዚህ የፋየርዎሉን ወገን ለምሳሌ ወደ 192.168.50.1 ይቀይሩት። ከተቻለ የአቅራቢው ራውተር ወደ ድልድይ ሁኔታ (አድራሻ ሳይቀይር መስመሩን ብቻ ወደሚያሳልፍበት) ይዙር፤ ካልተቻለ አድራሻ ሁለት ጊዜ ይቀየራል፤ ለተራ አጠቃቀም ግን ይህ ጉዳት የለውም፤ የሚያስቸግረው ከውጭ ወደ ቤት መግባት ሲፈለግ ነው።

ሁሉም በሠራ ዕለት የቅንብሩን ፋይል አውርደው ከፋየርዎሉ ውጭ ያስቀምጡ። በኦፒኤንሴንስም በፒኤፍሴንስም ሙሉው ቅንብር በአንዲት የኤክስኤምኤል ፋይል ውስጥ ያለ ስለሆነ ማሽኑ ቢሞት ሌላ ቲን ክላይንት ላይ ሥርዓቱን ጭኖ ፋይሉን መመለስና የሶኬቶቹን ስም ማስተካከል ብቻ ይቀራል። ፋይሉ የይለፍ ቃሎችንና የቪፒኤን ቁልፎችን ስለሚይዝ ሲያወርዱት እንዲመሰጠር ይምረጡ።